የተዘጋ ሳር፦ ከመንዝ ጓሳ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ

«ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ መኖር» የሚባለው ነገር በአዲስ አበባ የሱቅ ዕቃ ከሆነ ሰነበተ። ጦስኙ በሚያምር ፓኬት ይታሸጋል፣ ማሩ «ኦርጋኒክ» የሚል ይለጠፍበታል፣ በሶው በጠርሙስ ተበጥብጦ ይቀርባል፤ ገዢውም፣ እኔን ጨምሮ፣ የገዛውን ይዞ ቤቱ ይገባና ለብቻው ይጠቀማል። ይህ ሁሉ በሚመጣበት አገር የሚኖረው ሰው ስለ ኑሮው ምን እንደሚል ለመስማት ብዙ ጊዜ ስመኝ ቆይቼ፣ በኅዳር መጀመሪያ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ወደ ሰሜን ሸዋ ወጣሁ። መንዝን የመረጥኩበት ምክንያት ጓሳ ነው። ጓሳ የሚባለውን ሰፊ ደጋ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቀው ኖሯል፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ረጅም ዕድሜ ያለው የጋራ ጥበቃ በቀላሉ አይገኝም።

ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም። ሰንዳፋን፣ አለልቱንና በቅቤዋ የምትታወቀውን ሸኖን አልፈን፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደብረ ብርሃን ላይ ምሳ በላን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመሠረቷት ከተማ ዛሬ በፋብሪካ ጣሪያ ተከባለች። ብርዱ ግን የጥንቱ ነው። ጣርማ በር ስንደርስ በጣሊያን ዘመን የተቦረቦረው ዋሻ ውስጥ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ ትተን፣ በግራ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን ያዝን። ከዚያ በኋላ ያለው አገር ድንጋይ፣ ገብስና ሰማይ ነው። ቤቶቹ ክብ ሆነው በድንጋይ ተሠርተዋል፣ አጥሩም ድንጋይ ነው፤ እረኞቹ በርኖስ ደርበው በጎቻቸውን ከነፋስ ለማስጠለል ካብ ሥር ቆመዋል። አመሻሽ ላይ ከጓሳው አጠገብ ካለች መንደር ደርሼ በዘመድ ዘመድ በኩል ወደተነገረልኝ ቤት ገባሁ።

ዓርብ

ሌሊቱን ያሳለፍኩት በባና ተጠቅልዬ ነው። ባና ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ከባድ ልብስ ሲሆን፣ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። ለከተማ ቆዳ ይኮሰኩሳል፣ የበግም ሽታ አለው፤ እንዲያም ሆኖ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ እንደዚያ የሚያሞቅ ነገር አላውቅም። በማለዳ ባለቤትየዋ ቡና አፍልተው ጠሩኝና ከገብስ ቆሎ ጋር አቀረቡልኝ። ኩበቱ እየጨሰ ዐይኔን ሲያስለቅሰኝ እያዩ «ጭሱ ቆንጆ ይወዳል፣ በሞቴ ወደዚህ ጠጋ በይ» ብለው ስፍራ ቀየሩልኝ።

የቤቱ አባወራ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ደጃፍ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀምጠው የጓሳ ሣር ገመድ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ወሬያቸውን የሰማሁት እጃቸውን እያየሁ ነው። ሣሩን ውኃ ነክረው አለስልሰውታል። ሁለት እፍኝ ያህል ለይተው ይይዙና አንዱን በጭናቸው ላይ በመዳፋቸው ወደ ፊት ያከሩታል፣ ሁለተኛውንም እንደዚያው፤ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ኋላ ይገምዷቸዋል። አንደኛው መሳሳት ከመጀመሩ በፊት አዲስ ሣር ከመሃሉ ይጨምራሉ፤ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ሣር አይይዝም። አንዲት ጊዜ እንኳ ወደ እጃቸው ሲመለከቱ አላየሁም። በዚህ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ እረኛ በክረምት ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳ ይሠራል፤ የተረፈው ገበያ ይወጣል።

«ይህን ሣር እንዳሻን አንቆርጠውም ነበር» አሉኝ። «ጓሳው ይዘጋል። ለሦስት ዓመት፣ ለአራት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት። ላም አይገባበት፣ ማጭድ አይገባበት።»

እንደነገሩኝ ከሆነ የጓሳ ባለመብቶች የአስቦና የጌራ ተወላጆች ናቸው። መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ እንደሚከፈል ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጓሳውን ለግጦሽና ለሣር ለይተው ያስቀመጡት አስቦና ጌራ የሚባሉ አባቶች እንደሆኑ ደግሞ አገሬው ከአባት ወደ ልጅ ይተርካል። የአጽመ ርስቱ ባለቤቶች ለአስቦም ለጌራም አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃው አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባላል፣ ሥርዐቱም ቄሮ ነው። ሣሩ መድረሱን መርምሮ የመክፈቻውን ቀን የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ቀኑም ቤተ ክርስቲያን ሰው በተሰበሰበበት ይነገራል። በዕለቱ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣና ሣሩን ያጭዳል፤ አጨዳው ሲያልቅ ከብቱ ይገባል፤ ክረምቱ ሲበረታ፣ በሐምሌ 5 በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ጓሳው ተመልሶ ይዘጋል።

«ሰርቆ ያጨደስ ሰው ምን ይሆን ነበር፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«ቤቱን በዚያ ሣር ከድኖ ከተገኘ ክዳኑ በእሳት ይወርዳል። ከዚያ በላይ ግን የሚያስፈራው ሌላ ነበር። ሰው ሲያዝን አብሮት አያዝንም፣ ሲደሰትም አይመጣለትም። ሬሳውን ማን ይሸከምለታል?»

ይህን የነገሩኝ ያለ ምንም ናፍቆት ነው። ከተማ ውስጥ ስለ «አገር በቀል ዕውቀት» ስንናገር ሁሉም ነገር በፍቅርና በመስማማት የተሠራ ይመስለናል፤ እኚህ ሰው ግን ስለ ቅጣት፣ ስለ ዘበኛና ስለ ክርክር ነው የሚያወሩት። ደግሞም ሥርዐቱ ከአጽመ ርስት የማይወለደውን በደጅ የሚያስቀር እንደነበረ አልሸሸጉኝም። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ርስቱም፣ አፈሮውም፣ ቄሮውም አብረው ቀሩ። «ያን ጊዜ ዕልል ያለ ብዙ ሰው ነበር፤ እውነትም ነበረው» አሉ ገመዳቸውን እየሳቡ። «ታዲያ ጓሳው የሁሉም ሲሆን የማንም ሆነ። አንዱ አረሰው፣ ሌላው ከብቱን ለቀቀበት፣ ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ ለማገዶ ተነቀለ። ሣሩ እንዲህ» ብለው ጣታቸውን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አደረጉት።

ቄሮው ከቀረ በኋላ ነዋሪው በእድር መልክ ተደራጅቶ ከየቀበሌው ተወካይ መረጠ፣ ጠባቂ ቀጠረ፣ ውሎ አድሮም መንግሥት አካባቢውን የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ብሎ በሕግ አወቀለት። አሁን የሚመረጠው ሰው የአስቦ ወይም የጌራ ልጅ መሆን አይጠበቅበትም። እድሩ ሬሳ የሚሸከመው ማኅበር ስለሆነ፣ ያ የድሮው ፍርሃት በአዲሱ ሕግ ውስጥ ቦታውን አላጣም።

ቅዳሜ

ከአንድ ወጣት የጓሳ ጠባቂ ጋር በማለዳ ተነሣን። ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻል። የጓሳ ሣር እንደ ሜዳ ሣር አይደለም፤ በችፍርግ በችፍርግ ሆኖ እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ በመካከሉም ጦስኝ ተነጥፏል፣ ሲረግጡት ይሸታል። እዚህም እዚያም ጅብራ ቆሟል። ጅብራ ዓመታት ሙሉ ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይቆይና ባለ በሌለ ኃይሉ አንዴ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይሞታል። ጠባቂው አንድ የደረቀ ጅብራ በዱላው መታ መታ አድርጎ «ይሄ ባለፈው ዓመት ሠርጉን ደግሷል» አለኝ።

የጓሳ ጀርባ የውኃ ክፍፍል ነው። በምዕራብ የሚወርደው ውኃ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል፣ በምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ ሣሩን ገለጥ ሳደርግ ግን ሥሩ ጥቁርና ርጥብ ነው፣ ከዝቅታው ቦታ ደግሞ ውኃ ድምፁን ሳያሰማ ይንቆረቆራል። ሳር የሌለበትን፣ ከድንበሩ ውጭ ያለውን መሬት ቆይተን ስናይ አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ለምን ሣሩ እንደሚጠበቅ በቃል ያስረዳኝ ሰው ባይኖር እንኳ እነዚህን ሁለት መሬቶች ማየት ይበቃኝ ነበር።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ጭላዳ የሚባሉት ዝንጀሮዎች ሌሊቱን ካሳለፉበት ገደል ወጥተው ሜዳውን ሞሉት። ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፣ በሁለት እጃቸው፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ፤ ሰው ብዙም አያስደነግጣቸውም። ከመሃላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በቀስታ ይራመዳል። በልጅነቴ በሰማሁት ተረት ሁሉ እንስሳ ቀበሮ ካየ ይሸሻል፤ እዚህ ግን ግልገል የያዘች ጭላዳ እንኳ ዞር ብላ አላየችውም። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው አይጥ ነው፣ ጭላዳውም ሣሩ ላይ ነው ሐሳቡ። እዚሁ ጓሳ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ያህል እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን ግን ከአራት አንዱ ብቻ እንደሚሆን አሳይቷል። ጭላዳዎቹ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው እያወጡለት ይሁን ወይም እሱን እየከለሉለት፣ እሱ ከመንጋው ተጠቅሟል፤ በምላሹም ግልገሎቻቸውን አይነካም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ናቸው፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነው ያሉት።

ጠባቂውን ደመወዙን ጠየቅሁት፤ ትንሽ ነው አለኝ፤ አሃዙን እዚህ መጻፍ አልፈልግም። ሥራውን ለምን እንደማይተው ስጠይቀው ግን የሰጠኝ መልስ ስለ ቀበሮ አልነበረም። «አክስቴ ናት በሌሊት ልታጭድ የመጣችው። ያዝኳት። ከዚያ ወዲህ ሌላው ሰው አይደፍረኝም፤ አክስቴም ብትሆን አሁን ታርቀናል» አለኝ። ስንት ሽማግሌ ገብቶ እንደታረቁ አልነገረኝም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ነበር። የገብስ ዳቦና ጠላ ቀረበ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ከዚያ ሰው ሳይበተን የጓሳ ጉዳይ ተነሣ። ውይይቱ የተካሄደው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ካብ ተደግፎ ነው፤ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ፣ ወጣቶች ቆመው፣ ሴቶች በአንድ በኩል ተቀምጠው።

ጥያቄውን ያቀረቡት ወጣቶች ናቸው። መሬት የላቸውም፤ የአባቶቻቸው ማሳ ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ለጥማድ በሬ መዞሪያ አይበቃም። ከጓሳው ዳር፣ ከድንበሩ ጥግ ያለውን ትንሽ ቁራጭ ለድንች ይሰጠን ነው የሚሉት። ከመካከላቸው አንደኛው፣ ቀይ ሹራብ የለበሰ ረጅም ልጅ፣ ጥሩ ተናጋሪ ነበር፦ «አባቶቻችን ለልጅ ልጅ ብለው ጠበቁት ትላላችሁ። የልጅ ልጁ እኛ ነን። መቼ ነው የሚደርሰን?»

ይህን የመሰለ ጥያቄ ከተማ ውስጥ ሆኜ ቢቀርብልኝ መልስ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ቆሜ ሳዳምጥ ግን የልጁ ፊት አስቸገረኝ። ቱሪስት የሚያርፍበት የማኅበረሰቡ ማረፊያ ቤት ገቢ ያስገባል፤ ገቢው ግን ሁሉንም ወጣት አያበላም፣ ፈረንጅም በየዓመቱ እኩል አይመጣም። ጥበቃው ለዓለም ይጠቅማል ማለት ቀላል ነው፤ ድንች የሚያምረው ግን ዓለም ሳይሆን እሱ ነው።

አባወራዬ ቆም ብለው ተናገሩ። ስለ ቀበሮም ስለ ቱሪስትም አላነሡም። ዝናብ ቀርቶ ገብስ ባልበቀለባቸው ዓመታት ከብቱን ያተረፈው ጓሳው መሆኑን፣ ያን ጊዜ ዝግ የነበረውን ለከብት የከፈቱት ተማክረው መሆኑን ተናግረው፣ «ዳሩን የሰጠነው ቀን መሃሉን ሰጠነው፤ ዳር የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ይኖራልና» አሉ። አንዲት በዕድሜ መካከለኛ የሆኑ ሴት ደግሞ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ልጁ ያለው ውሸት አይደለም፤ ሣሩ ሲከፈት መጀመሪያ ማጨድ የሚገባው መሬት የሌለው ነው፤ በሬ ያለው፣ አህያ ያለው ቀድሞ እየጫነ ነው የሚያልቀው» ብለው ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞሩት። ብዙ ሰው ጉርምርም አለ። ክርክሩ ከመሬት ወደ ተራ፣ ከተራ ወደ ገበያ ዋጋ ተሸጋገረ፤ ፀሐይ ዘንበል እስክትል ድረስ ቆየ፣ አንድ ሽማግሌ ተኝተው ነቁ። በመጨረሻ የመሬቱ ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም፤ በአጨዳ ጊዜ መሬት አልባው ቀድሞ እንዲገባ የሚለው ግን ለኮሚቴው ተመርቶ ቀጠሮ ተያዘለት። ባለ ቀይ ሹራቡ ልጅ እንዳልተደሰተ ግልጽ ነበር። ሆኖም አልሄደም፤ የቀረውን ጠላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጠጣ።

እኔ ከዚህ ስብሰባ የያዝኩት ሐሳብ ይህ ነው፦ ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ የመኖር ጥበብ የሚባለው ነገር እዚህ ከሰው ጋር ተስማምቶ ከመኖር ተነጥሎ አይታወቅም፤ መስማማቱም በየጊዜው እንደገና የሚሠራ፣ ግማሽ ቀን የሚፈጅ፣ የሚያሰለች ሥራ ነው። ከሱቅ የማይገዛውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሰኞ

ዛሬ የገብስ ውቂያ ደቦ ነበር። ጎረቤት ሁሉ በማለዳ መጣ፣ በሬዎቹ ዐውድማ ላይ ተነዱ፣ ወንዶቹ በመንሽ እየገለበጡ ዘፈኑ። እኔም ውኃ ከምንጭ አመላለስኩ፤ በሁለተኛው ዙር ወገቤ «አቤት» አለ። የዛሬው ደቦ የእኛ ቤት ነው፣ የዚህ ሳምንት ሌላ ቀን ደግሞ የሌላው ይሆናል፤ ማን ለማን ምን ያህል እንደሠራ በወረቀት አይያዝም፣ የሚረሳው ግን የለም።

ማታ ባለቤትየዋን ስለ ኑሯቸው ጠየቅኋቸው። የከተማው ሰው አየራችሁን፣ ገብሳችሁን፣ ጦስኛችሁን ይመኛል ስላቸው ሣቁ። ከሁሉ በፊት የሚፈልጉት ጭስ የማያመጣ ምድጃ ነው፤ ዐይናቸው እየደከመ ነው። ቀጥሎ የሚፈልጉት ክሊኒኩ መድኃኒት እንዲኖረው ነው። ባናውን ለምን እንደማይተዉት ስጠይቃቸው ግን «የፋብሪካው ብርድ ልብስ አንድ ክረምት ይሸከምሻል፤ ይሄ ልጄንም ይሸፍናል» አሉኝ። የሚጥሉትንና የሚያቆዩትን የሚለዩበት ሚዛን ከእኔ ሚዛን ይሻላል፤ ጥንታዊ ስለሆነ ብለው የሚያቆዩት ነገር የለም፣ አዲስ ስለሆነ ብለው የሚጥሉትም የለም።

ማክሰኞ

ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠው በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ግብርና የሚማር የመንዝ ልጅ ነው። ስለ ጓሳ ሥርዐት ሳደንቅ ዝም ብሎ ሰማኝና በመስኮት በኩል ወደ አንድ ማሳ አመለከተኝ። ማሳው ላይ ትንንሽ የአፈር ክምሮች አሉ፣ አንዳንዶቹ እየጨሱ። ጓይ ነው። ገበሬው ሣር የበቀለበትን የአፈር ጓል ይከምርና በኩበት ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለውን በማሳው ላይ በትኖ ገብስ ይዘራል። የመጀመሪያው ዓመት ምርት ግሩም ነው፣ ሁለተኛውም ደህና ነው፤ ከዚያ መሬቱ ይደክምና ለዓመታት ጦም ያድራል።

«ይህም የአባቶቻችን ጥበብ ነው» አለኝ ልጁ። «መሬት ሰፊ በነበረ ጊዜ ያዋጣ ነበር፤ ጦም የሚያድር መሬት ነበራቸው። አሁን አባቴ ያቃጠለውን መሬት ሳያሳርፍ እንደገና ያርሰዋል፤ ሲቃጠል አፈሩ ውስጥ ያለው ብስባሽ አብሮ ይጠፋል፤ ኩበቱም ወደ ምድጃ ስለሚሄድ የሚተካው የለም።»

አባቱ እንዲተው ነግሮት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ነግሮታል። አባቱም «ማዳበሪያውን ግዛልኝና እተወዋለሁ» ብሎታል። ቀሪውን መንገድ ያወራነው ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ኮምፖስትና ባቄላና ገብስ እያፈራረቁ ስለ መዝራት ነው። ልጁ በአባቱ ማሳ ጥግ ላይ አንድ ቁራጭ ሳያቃጥል ባቄላ ዘርቶባታል፤ በሚመጣው ዓመት ገብስ ሊያስከትልባት አስቧል፣ አባቱም ምርቱን ሳያይ እንደማያምነው ቁርጡን ነግሮታል።